በግ ምጥ ሲጸናባት፦ ከመሳብ በፊት መመርመር

በእኛ በቁንዝላና በአካባቢው በግ ለገበሬ ቤት እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ናት። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደብተርና ልብስ የሚገዛው፣ ለማዳበሪያ የተበደሩት ዕዳ የሚከፈለው፣ ሰው ሲታመም መታከሚያ የሚገኘው ወደ ገበያ ከምትነዳ በግ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት በግ ከነግልገሏ ስትሞት የቤቱ ሰው የሚያዝነው ስለ እንስሳዪቱ ብቻ አይደለም፤ ለዓመቱ ያሰበው ሁሉ አብሮ ስለሚቀርበት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ከበጎቻችን አንዲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትወልድ ከመሸ በኋላ ምጥ ያዛት። የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ፤ ከዚያም የግልገሉ አንድ እግር ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ታየ። ጭንቅላቱ ግን አልመጣም። አያቴ «ዐይን ወግቷታል» አሉ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሊረዱን መጥተው ሁለቱን እግሮች ይዘው እየተፈራረቁ ሳቡ። በተሳበ ቍጥር በጊቱ ታቃስታለች፤ ግልገሉ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔም ባትሪ ይዤ ከማብራት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ሊነጋ ሲል በጊቱ እጅግ ደከመች፤ አባቴም ነፍሷ ሳትወጣ ባረኳት።

ሆዷ ሲከፈት ግልገሉ በሙሉ አካሉ ሞቶ ተገኘ፤ አመጣጡም የተስተካከለ ነበር። ያገደው ሌላ ነገር ነው። በመውለጃዋ መንገድ መካከል ከላይ እስከ ታች የተወጠረ፣ እንደ ጠፍር የጠነከረ ሥጋ ነበረ። የግልገሉ አንድ እግር በጠፍሩ በግራ፣ ሌላው በቀኝ አልፎ፣ ግንባሩ ከጠፍሩ ላይ ተደግፎ ቀርቷል። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስንስብ ያደርነው ግልገሉን ከግድግዳ ጋራ እያላተምን ነበር።

ያየሁትን ለአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ይህ ከፅንስ ጀምሮ የሚመጣ ጉድለት መሆኑን፣ ጠፍሩም ቀጭን ሲሆን ሐኪም አደንዝዞ ሊቈርጠው እንደሚችል አስረዱኝ። ይህን ስሰማ ከሐዘኔ ይልቅ አለማወቃችን ከበደኝ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼና ለወላጆቻችን በዚህ መጽሔት ላቀርበው ወደድሁ።

የመውለጃ አካላት በደኅናው ጊዜ

ጉድለቱን ለማወቅ አስቀድሞ ደኅናውን ማወቅ ያስፈልጋል። የእናት በግ የመውለጃ አካላት ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቈጠሩ እንደሚከተለው ናቸው። በመጀመሪያ እንቁላል የሚያፈልቁ ሁለት ዕጢዎች በግራና በቀኝ ይገኛሉ። ከእነርሱ አጠገብ የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች እንቁላሉን ወደ ማሕፀን ያደርሱታል። የበግ ማሕፀን እንደ ሰው ማሕፀን አንድ ወጥ ከረጢት አይደለም፤ ሁለት የተጠማዘዙ ቅርንጫፎች አሉት። የእኛ የዋሸራ በግ ቀንድ የለውም እንጂ፣ የመንዝን አውራ በግ ቀንድ ያየ ሰው የእነዚህን ቅርንጫፎች መልክ በቀላሉ ሊገምት ይችላል። ግልገሎቹ የሚያድጉትም በእነርሱ ውስጥ ነው።

ከማሕፀኑ ቀጥሎ የማሕፀን በር አለ። ይህ በር በውስጡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 የሚደርሱ ጠንካራ ቀለበቶች የተደረደሩበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ቀለበቶቹ በአንድ መስመር ስላልተሰለፉ በሩ ተዘግቶ ሳለ ቀጭን ዘንግ እንኳ አያሳልፍም። በእርግዝናው ዘመን ሁሉ ፅንሱን ከውጭ ከሚመጣ ተሕዋስ የሚጠብቀው ይህ መዘጋቱ ነው። ከበሩ በኋላ ብልት ይከተላል፤ ይህንንም መንገድ ዙሪያውን የዳሌ አጥንት ከብቦታል። እንግዲህ ግልገሉ ሲወለድ ሥጋዊውን በርና የአጥንቱን በር ሁለቱንም ማለፍ አለበት።

ይህ ሁሉ አካል በፅንስነት ሲጀምር ጐን ለጐን የቆሙ ሁለት ቱቦዎች ብቻ ነበር። ስለ እነርሱ እ.ኤ.አ. በ1830 የጻፈው ጀርመናዊው ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ስለ ሆነ እስከ ዛሬ የሙለር ቱቦዎች ይባላሉ። ሁለቱ ቱቦዎች ከታች በኩል ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው የነበረው ግድግዳም ይጠፋል። ነገሩ በሁለት ማሳዎች መካከል የነበረ ድንበር ታርሶ አንድ ማሳ እንደሚሆን ያለ ነው። ግድግዳው ሳይጠፋ ከቀረ በበጋችን ያየነው ጠፍር ይሆናል። ይህ ጉድለት ከውጭ ሲያዩት ምንም ምልክት የለውም፤ በጊቱ ትበላለች፣ ትወፍራለች፣ ትጸንሳለች። ጉዱ የሚታወቀው በምጥ ቀን ነው።

ምጥ እንዴት ይጀምራል?

በግ ከተጠቃችበት ቀን አንሥቶ ወደ 150 ቀን ያህል ቆይታ ትወልዳለች። ምጡን የምትጀምረው እናቲቱ እንደ ሆነች ብዙ ሰው ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ሊጊንስ የተባለው የኒው ዚላንድ ሐኪም በበጎች ላይ ባደረገው ምርምር ምጡን የሚያስጀምረው ግልገሉ ራሱ መሆኑን አሳየ። ግልገሉ ሲደርስ ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫሉ። ይህም እርግዝናውን ጠብቆ ያቆየውን የእናቲቱን ሆርሞን ያስቀንሳል፤ ማሕፀኑ እንዲኰማተር፣ በሩም እንዲለሰልስ ያደርጋል። ሊጊንስ ከባልደረባው ከሃዊ ጋራ ይህንኑ ዕውቀት ወደ ሰው አሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ያለ ጊዜያቸው ሊወለዱ ለተቃረቡ ሕፃናት እናቶች የዚህ ዓይነት መድኃኒት ቢሰጥ የሕፃናቱ ሳንባ እንደሚበረታ አስታወቀ። ስለዚህ ስለ በግ ምጥ መማር የእረኛ ጕዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ተሳስቷል።

ምጡ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ በሩ ይከፈታል፤ በጊቱ ከመንጋው ትለያለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትተኛለች፣ ትነሣለች። ይህ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ሊወስድ ይችላልና መታገሥ ይገባል። በሁለተኛው ደረጃ በኀይል ታምጣለች፣ የሽርት ውሃው ከረጢት ይታያል፣ ግልገሉም ይወለዳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ በ1 ሰዓት ውስጥ ይፈጸማል። በሦስተኛው ደረጃ የእንግዴ ልጁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል። የተስተካከለ ግልገል ሁለቱን የፊት እግሮቹን አስቀድሞ፣ አፍንጫውን በእነርሱ ላይ አሳርፎ ይመጣል።

መንገዱን የሚያግዱ ጉድለቶች

ምጥ የሚጸናው ወይ ከግልገሉ ወይ ከእናቲቱ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የግልገሉ አመጣጥ መበላሸት ነው፤ ይኸውም አንድ እግሩ ወደ ኋላ መታጠፍ፣ ጭንቅላቱ ወደ ጐን መዞር ወይም መንታዎች ተጠላልፈው መምጣት ነው። የእናቲቱ የመውለጃ መንገድ ጉድለት ከዚህ ያነሰ ጊዜ ያጋጥማል። ነገር ግን አደጋው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የግልገሉ አመጣጥ ሲስተካከል መሳብ ይረዳል፤ መንገዱ ተዘግቶ ሳለ መሳብ ግን ይገድላል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ የበሩ አለመከፈት። ምጡ ጀምሮ፣ ውሃውም ፈስሶ ሳለ የማሕፀኑ በር ሳይከፈት ይቀራል። በእጅ ሲዳሰስ አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ጠንካራ ቀለበት ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ቸኵሎ ስለ ዳሰሰ እንጂ በሩ ገና በመከፈት ላይ ነው፤ ጥቂት ቢታገሡት ይከፈታል። እውነተኛው ሲሆን ግን በትዕግሥትም አይከፈትም፤ በጉልበት ቢከፍቱት ይቀደዳል፣ በጊቱም ደሟ ፈስሶ ትሞታለች። ለዚህ ያለው አስተማማኝ መፍትሔ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ነው።

2ኛ/ ከፅንስ የመጣ ግድግዳ። በበጋችን የደረሰው ይህ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት የማሕፀኑ በር ሁለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ አንዱ እግር በአንዱ በር፣ ሌላው በሌላው በር ይመጣል። ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱ ሳያድግ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ማሕፀኑ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይኖረዋል፤ እንዲህ ያለችው በግ ልትጸንስ ትችላለች፣ ግን የምትጸንሰው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

3ኛ/ የማሕፀን መጠምዘዝ። ይህ በላም ይበዛል፤ በበግ ግን ያንሳል። ማሕፀኑ ከነግልገሉ ዞሮ መንገዱ እንደ ተጨመቀ የታጠበ ልብስ ይጠመዘዛል። በጊቱ ታምጣለች፤ ውሃም ግልገልም አይታይም። ሐኪም በጊቱን በጥንቃቄ አገላብጦ ወይም በቀዶ ሕክምና ይመልሰዋል።

4ኛ/ የብልት መገልበጥ። በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ብልቷ እንደ ቀይ ኳስ ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በባለሙያ እጅ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ እንዳይወጣም ይሰፋል ወይም ይታሰራል። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ምጧ ሲደርስ ስፌቱ ካልተፈታ ያ ስፌት ራሱ መንገዱን ይዘጋዋል። ደግሞም ይህ ሕመም በሚቀጥለው እርግዝና የመመለስ ጠባይ አለው፤ በዘርም ሊተላለፍ ይችላል።

5ኛ/ የዳሌ መጥበብና ጠባሳ። ገና ሳትጠነክር የተጠቃች ወጣት በግ ዳሌዋ ሳይሰፋ ትወልዳለች። አስቀድሞ በመውለድ ጊዜ የተቀደደችውም ስትድን በቍስሉ ስፍራ የማይለጠጥ ጠባሳ ይቀርባታል፤ ይህም የሚቀጥለውን ግልገል ያግዳል። እነዚህ ሁለቱ ከልደት የመጡ ሳይሆኑ በአያያዛችን የሚመጡ ናቸው።

ስለ መንታ ሴት የሚባለውንም በዚህ አጋጣሚ ላቅና። ከወንድ ጋራ መንታ ሆና የተወለደች ጥጃ አብዛኛውን ጊዜ መኻን ናት፤ በማሕፀን ሳሉ የሁለቱ ደም ስለሚገናኝ የመውለጃ አካሏ በደንብ አያድግም። በበግ ግን እንዲህ ያለው ነገር ከስንት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። መንታ መውለድ ደግሞ በዋሸራ በጎች እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከወንድ ጋራ ተወልዳለች ተብላ ደኅናዪቱ በግ ያለ ምክንያት ከርቢ መውጣት የለባትም።

ከአውስትራሊያ የመጣ ትምህርት

ጉድለት የሚመጣው ከፅንስ ብቻ አይደለም፤ ከግጦሽም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ የነበሩ በግ አርቢዎች ከባድ መከራ ደረሰባቸው። በጎቻቸው ሳይጸንሱ ይቀሩ ጀመር፤ የጸነሱትም ምጥ እየጸናባቸው ከነግልገሎቻቸው ይሞቱ ነበር፤ ማሕፀናቸውም ይገለበጥ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ ለግጦሽ የተዘራ የማገጥ ዘመድ የሆነ ተክል ሆኖ ተገኘ። በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በበጊቱ ሆድ ሲብላላ እንደ ሴት ሆርሞን የሚሠራ ሆኖ፣ ውሎ ሲያድር የማሕፀኑንና የበሩን አሠራር ይለውጣል። ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ1946 በጽሑፍ ለዓለም ተገለጠ። ከዚያ በኋላ ይህ ንጥረ ነገር ያነሰባቸው ዝርያዎች ተመርጠው እንዲዘሩ ተደረገ።

ይህን ያነሣሁት በሜዳችን የሚበቅለውን ማገጥ ለመክሰስ አይደለም፤ የተነገረው ስለዚያ አገር ተክል ነው። የማነሣበት ምክንያት ሌላ ነው። እነዚያ ገበሬዎች የሞቱትን በጎች ጥለው ዝም ቢሉ ኖሮ ምክንያቱ ባልታወቀም ነበር። በጎቹ ተከፍተው ስለ ታዩ፣ የታየውም ስለ ተጻፈ ከመከራው ዕውቀት ተገኘ። እኛም በምጥ የሞተችን በግ «ዐይን ነው» ብለን ከምንተዋት ለባለሙያ ብናሳይ ይሻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሰዓት እንያዝ። በጊቱ በኀይል ማማጥ ከጀመረች ወይም ውሃዋ ከፈሰሰ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ምንም ለውጥ ካልታየ መመርመር ያስፈልጋል። መንታ ሲሆን ሁለተኛው ግልገል ብዙ ጊዜ በ1 ሰዓት ውስጥ ይከተላል።

ሁለተኛ፣ ንጽሕና እንጠብቅ። የሚዳስሰው ሰው ጥፍሩን ይቍረጥ፣ ቀለበቱን ያውልቅ፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠብ፤ ጓንት ካለ ያጥልቅ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ከሚወልዱ በጎች፣ ከሽርት ውሃውና ከእንግዴ ልጁ ትራቅ። በጎችን የሚያስወርዱ አንዳንድ በሽታዎች ወደ ሰው ተላልፈው ለእናትና ለፅንስ አደጋ ይሆናሉና።

ሦስተኛ፣ ከመሳባችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። በሩ ተከፍቷል ወይ? በመንገዱ ላይ የግልገሉ አካል ያልሆነ ጠፍር ወይም ቀለበት አለ ወይ? ግልገሉስ እንዴት ሆኖ መጥቷል? የወጡት እግሮች የፊት ወይም የኋላ መሆናቸው በመገጣጠሚያዎቻቸው ይለያል፤ ከሰኰናው በላይ ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ወደ አንድ ወገን ከታጠፉ የፊት እግር ነው፤ በተቃራኒ ከታጠፉ የኋላ እግር ነው። ደግሞም ሁለቱ እግሮች የአንድ ግልገል መሆናቸውን ለማወቅ ጣትን በእግሩ ላይ እያሳለፉ እስከ ደረቱ መከተል ይገባል። ይህ ዳሰሳ ለእኛ በጠፍሩ በኩል በደረሰ ነበር።

አራተኛ፣ መንገዱ ክፍት፣ ግልገሉም የተስተካከለ ከሆነ ብቻ እንሳብ። ይኸውም እርሷ ስታምጥ እያገዙ፣ ስታርፍም እያረፉ፣ ወደ ጡቷ አቅጣጫ ዝቅ አድርጎ ነው። የዋሸራ ግልገል ሲወለድ ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን ለማውጣት የሁለት ጐልማሶች ጉልበት ካስፈለገ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። በሩ ካልተከፈተ ወይም ጠፍር ከተገኘ ግን እጃችንን ሰብስበን በቀበሌያችን ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጥራ፤ ሌሊት ቢሆን እንኳ በስልክ እንጠይቅ። በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞችን በዲግሪ ማስተማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ነው፤ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይማራሉ። አያቶቻችን የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም፤ እኛ ግን ሳንጠይቅ ብንቀር ምክንያት የለንም።

አምስተኛ፣ አስቀድመን እንጠንቀቅ። ጠቦቶች ከሴቶቹ ጋራ ተቀላቅለው ስለሚውሉ ወጣቶቹ ሳይጠነክሩ ይጠቃሉ። ለርቢ የማይፈለጉትን ማኰላሸት ወይም ለይቶ ማሰማራት ይገባል። ወጣት በግ ከመጠቃቷ በፊት ቢያንስ የእናቷን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ብትደርስ መልካም ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የዋሸራን በግ ሲያጠና ቆይቷልና ስለ ርቢ ምክር የሚሻ ሰው ወዴት እንደሚጠይቅ ይወቅ።

ስድስተኛና የመጨረሻው የሕሊና ጕዳይ ነው። ብልቷ የተገለበጠባትን ወይም በሯ አልከፈት ብሎ በቀዶ ሕክምና የወለደችን በግ ዳግም ለርቢ መያዝ አይገባም፤ አድልቦ ለሥጋ ማዋል ነው። መድኃኒት ተወግታ ከሆነ ሥጋዋ ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ ባለሙያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉድለቷን ደብቆ «ደኅና ወላድ ናት» ብሎ ወደ ገበያ የሚነዳ ግን ለወንድሙ በግ ሳይሆን ሐዘን ይሸጥለታል።

ወገኖቼ ሆይ፣ የሞተችብን በግ መንታ እኅት ነበረቻት፤ እርሷም በዚያን ጊዜ ጸንሳ ነበር። በታኅሣሥ ወር ምጥ ሲይዛት አባቴ «ያን መጽሐፍህን አምጣ» አሉኝ። እጄን ታጥቤ፣ ሰዓት ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ውሃዋ ከፈሰሰ ከ40 ደቂቃ በኋላ ያለ ማንም ርዳታ ሴት ግልገል ወለደች። እኔ ያደረግሁት ሰዓት መያዝና ሊስቡ የቸኰሉትን «ጥቂት ታገሡ» ማለት ብቻ ነበር። አባቴም ያችን ግልገል ለርቢ ላለማስቀረት ቈርጠዋል፤ ዘሩ ያሠጋቸዋልና። አያቴ እስከ ዛሬ ስለ ዐይን የሚሉትን አልተዉም፤ ነገር ግን በምጥ የተያዘች በግ ባዩ ቍጥር አስቀድመው «በሩ ተከፍቷል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።